ፈሪሀና ሁለተኛው ጉብታ

ቆቦ ውስጥ ፈሪሀ ታሂርን የማያውቅ ቢኖር ዛሬ ከአውቶቡስ የወረደ መንገደኛ ብቻ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ታስተምራለች፤ ከተማው ግን ከትምህርቷ ይልቅ እምቢታዋን ያውቃል። ኮሌጅ ሳለች ከአላማጣ በኩል ሽማግሌ ሲላክባት ከጓዳ ወጥታ እጃቸውን አንድ በአንድ ስማ፣ «አባቶቼ፣ ድካማችሁን አላህ ይቁጠርላችሁ፤ እኔ ግን ፈተና አለብኝ» ብላ ደብተሯን ይዛ ውልቅ ያለች ናት። አባቷ ታሂር በንዴት ወደ ሽንኩርት ማሳው ሄዶ እስኪመሽ አልተመለሰም። እናቷ ዚነት ደግሞ መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ሻይ ቤቷ ወሬውን ለደንበኛ ሁሉ እየሳቀች አዳረሰችው። ቤታቸው እንዲህ ነው። አንዱ ሲቆጣ ሌላው ይስቃል፤ እጅ የሚሰጥ ግን የለም።

አሁን የማወራው እምቢታዋ ከጋብቻ ጋር አይገናኝም። በዓይን ስለማትታይ ብናኝ ነው።

ፈሪሀ የክረምት ተማሪ ናት፤ ዓመቱን ስታስተምር ከርማ ተማሪዎቿ ሲያርፉ እሷ ማስተርሷን ልትማር ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። የመመረቂያ ጥናቷ የብር ብሮማይድ ናኖ ቅንጣቶችን መሥራትና በኤሌክትሪክ መፈተን ነበር። ብር ስል ኪስ የሚገባውን ሳይሆን የራያ እናቶች አንገታቸው ላይ የሚያደርጉትን ማዕድን ነው። ይህ ማዕድን በአሲድ ሟሙቶ ብሮማይድ ከሚባለው የጨው ዘመድ ጋር ሲገናኝ ፈዛዛ ቢጫ ብናኝ ይወጣዋል። እንዳይጓጎል በጥንቃቄ ከተሠራ ደግሞ እያንዳንዱ ቅንጣት በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታይ ረቂቅ ይሆናል። እንዲህ ያነሰ ነገር ከትልቁ ወንድሙ የተለየ ጠባይ ያመጣል፤ ፈሪሀን እንቅልፍ የነሳት ይኸው ጠባይ ነበር።

ክረምቱ አጭር ስለሆነ ቅንጣቶቹን የምትሠራው ቆቦ፣ እዚያው የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ቤተ ሙከራውን ጦርነቱ ራቁቱን አስቀርቶታል፤ የተረፈው የሲሚንቶ ጠረጴዛና ግድግዳው ላይ የተሳለው የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ብቻ ነበር። «በምን ልትሠሪ ነው?» ያላት ሁሉ አፉን የዘጋው ዕቃው ሲሟላ ነው። የተጣራ ውሃ ሲጠፋ፣ ለባጃጅ ባትሪ የሚሸጠውን ከመለዋወጫ ሱቅ ገዛች። ቅንጣቶቹ እንዳይጓጎሉ የሚይዝ ነገር ስትፈልግ፣ ከአፋር በኩል የሚመጣውን የግራር ሙጫ ከገበያ አምጥታ አሟሟችው። ብናኙ ብርሃን ሲያይ ስለሚጠቁር መስኮቶቹን በእናቷ አሮጌ ጥቁር ጨርቅ ደፍና በአንዲት ቀይ አምፖል ሥር ትሠራ ነበር። በቆቦ ሙቀት መስኮት ደፍኖ መሥራት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ላቧን እየጠረገች ትራገማለች፤ እየተራገመች ትሠራለች።

የተሠራውን በጥቁር ጨርቅ ጠቅልላ በሚኒባስ ወደ ዩኒቨርሲቲው ትወስደዋለች። አንድ ጊዜ ሮቢትን አለፍ እንዳሉ ኬላ ላይ ፈታሹ ጥቅልሉን አይቶ፣ «ይህን ፍቺው» አላት።

«አልፈታውም።»

«ምንድር ነው?»

«ብርሃን ካየ የሚበላሽ የትምህርት ዕቃ ነው። ከፈለግህ ሻንጣዬን እዚህ አስፋልት ላይ በትነው፤ ይህን ግን አልፈታም።»

ተሳፋሪው አጉረመረመ፤ ሾፌሩ ለመናት። ፈታሹ መታወቂያዋን አገላብጦ አይቶ፣ «አንቺ የምታስተምሪያቸው ልጆች አሳዘኑኝ» ብሎ አሳለፋት። እሷም፣ «እነሱም አንተን ቢያዩ ያዝኑልህ ነበር» ብላ በሩን ዘጋችበት።

ዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ውስጥ ያለው መሣሪያ ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ብናኙ ቀጭን የካርቦን ዘንግ ጫፍ ላይ ይቀባና ዘንጉ ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል። ከዚያ የኤሌክትሪኩ ግፊት ቀስ በቀስ ይለወጣል። ቅንጣቶቹ እስከ አንድ ግፊት ድረስ ይታገሣሉ፤ ያ ግፊት ሲደርስ ግን ይፈርሱና ብሩ ወደ ንጹሕ ብርነቱ ይመለሳል። በዚያች ቅጽበት ኮምፒውተሩ ላይ የሚሄደው መስመር ሽቅብ ወጥቶ ይወርዳል። ፈሪሀ ይህን ጉብታ ትለዋለች። አንድ ዓይነት ብናኝ አንድ ጉብታ ያሳያል፤ የሚጠበቀው ይኸው ነበር። ከቆቦ የመጣው የእሷ ብናኝ ግን ሁለት አሳየ።

አማካሪዋ ዶክተር አለሙ ሁለተኛውን ጉብታ ሲያዩ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህ ይታወቅልኝ። መሣሪያውን ለማስመጣት የስንቱን ቢሮ ደጅ የጠኑ፣ ተማሪ ሲቸግረው ከኪሳቸው የሚያወጡ ሰው ናቸው። ግን ዕድሜ ልካቸውን አንድ ትልቅ ግኝት ሲጠብቁ ኖረዋልና ጉብታው ሲመጣ እሱ መሰላቸው።

«የመጠን ልዩነት ነው» አሉ። «ትንንሾቹ አንድ ቦታ፣ ተለቅ ያሉት ሌላ ቦታ ይፈርሳሉ። ያ የአፋር ሙጫሽ በሁለት መጠን እየከፈላቸው ነው! ይህን ማንም አላየውም፣ ፈሪሀ።»

የመመረቂያ ጽሑፉ በዚሁ ትርጓሜ ተጻፈ። ለውጭ አገር መጽሔትም ተላከ። ታሂር ይህን ሲሰማ «ልጄ በዓለም ያልታየ ነገር አገኘች» ብሎ ከዋጃ እስከ ሮቢት ያልነገረው ሰው የለም። ያ በሽማግሌ ፊት ያሳፈረችው አባት፣ አሁን ስሟን ሳያነሳ ወሬ አይጀምርም፣ ሽንኩርትም አይሸጥም። ለምርቃቷም ዘመድ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ።

ጥናቷን በፈታኞች ፊት የምታቀርብበት፣ ተማሪው ዲፌንስ የሚለው ቀን ሲቃረብ፣ ፈሪሀ ለማሳያ የሚሆን ትኩስ ብናኝ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሠራች። ያው ሙጫ፣ ያው ብር፣ ያው እጅ። ጉብታው ግን አንድ ሆነ። ደገመችው፤ አሁንም አንድ። ሙጫውን ቀየረች፤ አንድ። ዶክተር አለሙ «ተቻኩለሽ ነው» አሏት። ችኮላ የሚያመጣው ስሕተት ደግሞ ደጋግሞ አንድ ዓይነት አይሆንም፤ ይህን ታውቃለች። ቆቦ ሄዳ ሠርታ ይዛ ስትመለስ ሁለተኛው ጉብታ ቁጭ ብሎ ጠበቃት። ምን አለ ቆቦ ውስጥ? ሙቀቱ ነው? አምፖሉ ነው? ምግብ አልበላ አላት። ቀኑ ሊደርስ ሲል እንደገና ወደ ቤቷ ተመለሰች።

መልሱ የተገኘው እናቷ ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ዚነት ቤት የታወቀ ሥርዓት አለ። ብርጭቆ የቱንም ያህል ታጥቦ ቢደፋ፣ እንግዳው ዓይን ሥር አንዴ ለቅለቅ ሳይደረግ ሻይ አይቀዳበትም። ሳያለቀልቁ መቅዳት እንግዳውን የሌላ ሰው ትራፊ ጠጣ እንደማለት ነው፤ ዚነት በዚህ የተነሳ ስንት አስተናጋጅ አባራለች። ፈሪሀ ያደገችው ይህን እያየች ብቻ ሳይሆን ይህን እየሠራች ነው። ያን ቀን እናቷን ስታግዝ ሐሳቧ ጉብታው ላይ ነበር። ከማይጨው በኩል መጥታ ቆቦ የከረመችው የልብስ ነጋዴ ለተ ብርሃን ሻይ አዝዛ ብትጠብቅ፣ ብትጠብቅ፣ አልመጣም።

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ!» ብላ ጮኸች። «ንጹሕ ብርጭቆ እኮ ነው። ስንቴ ታለቀልቂዋለሽ?»

ፈሪሀ ወደ እጇ አየች። እጇ ሳታዝዘው ከጆጉ እየቀዳ ብርጭቆውን ያዞረዋል፣ ይደፋዋል፣ ደግሞ ይቀዳል። ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ በር ላይ ያለው ባልዲ ትዝ አላት። የጉድጓድ ውሃ ነው፤ ለእጅ መታጠቢያ ነው። ብልቃጦቹን በባትሪ ውሃ አጥባ ትደፋቸዋለች። ብሩን ልትጨምርባቸው ስታነሳቸው ግን ይህ እጅ፣ ይህ በሻይ ቤት ያደገ እጅ፣ ለእንግዳ እንደሚቀዳ ሁሉ ከባልዲው ለቅለቅ ያደርጋቸዋል። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በር ላይ ባልዲ የለም። ብርጭቆውን አስቀምጣ ወጣች። «ሻዩስ?» የሚለው የለተ ብርሃን ጩኸት እስከ አስፋልቱ ተከተላት።

ቤተ ሙከራው እንደደረሰች ከባልዲው ትንሽ ውሃ ቀድታ፣ ከብሩ ፈሳሽ አንድ ጠብታ ጣል አደረገችበት። ውሃው ወዲያው ወተት መሰለ። የቆቦ ጉድጓድ ጨው አለበት፤ ማሳ ዳር ነጭ ሆኖ ሲደርቅ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ብልቃጡ ግድግዳ ላይ የቀረችው ጨዋማ ውሃ ከብሩ ጥቂቱን ቀድማ ትይዝና ሌላ ብናኝ ታደርገዋለች፤ ክሎራይድ። ያ ብናኝ በራሱ ግፊት ይፈርሳል፣ የራሱን ጉብታ ያወጣል። በቃ። ግኝት የለም፤ የመጠን ልዩነት የለም። በዓለም ያልታየው ነገር ያልታየው ሌላው ሰው ብልቃጡን በቆቦ ውሃ ስላላለቀለቀ ነው። ፈሪሀ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ብቻዋን ሳቀች፤ ቀጥሎ በራሷ በጣም ተናደደች።

መጀመሪያ የነገረችው ለአባቷ ነው። ታሂር ማሳው ውስጥ ቦይ እየመለሰ ሰማትና አካፋውን ተከለ።

«እንዴት? ውሃችንን በሰው አገር ልታዋርጂው ነው?»

«አባ፣ ውሃው ምን አደረገ? የዋሸው ጽሑፌ ነው።»

«ይህን ውሃ ጠጥተሽ ነው ያደግሽው! ሕዝቡን ጠርቻለሁ፤ በግ ተገዝቷል። አሁን ‹ተሳስቻለሁ› ብትዪ ማን ይሙት፣ በገበያ መሐል አልፋለሁ?»

«እርስዎ ራስዎ ቤተ ሙከራው ይምጡና ይዩት።»

አጉረመረመ እንጂ ተከተላት። ከራሱ ጉድጓድ በጀሪካን የቀዳውን ውሃ ራሱ ብልቃጥ ውስጥ ጨመረ፤ ጠብታውንም ራሱ ጣለ። ውሃው ሲነጣ «ሱብሃነላህ» አለ። ብልቃጡን ይዞ ወደ ደጅ ወጣ፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲያየው ነጩ ወደ ሐምራዊ ሲያደላ፣ ቀስ እያለም ሲጠቁር ተመለከተ። በመጨረሻ ብልቃጡን መለሰላትና፣ «ያየሁትን አይቻለሁ» አላት። «ቢሆንም የምርቃት ወረቀቱን ይዘሽ ነይ። ሌላውን ከዚያ በኋላ ትናገሪዋለሽ።»

ዶክተር አለሙም ከዚህ የተለየ ቃል አልነበራቸውም። ፈሪሀ ቢሯቸው ገብታ፣ «ዶክተር፣ ሁለተኛው ጉብታ የቆቦ ጨው ነው» ስትላቸው የተማሩ ሰው ናቸውና ወዲያው ገባቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። አሳዘኗት፤ ቢሆንም አልተመለሰችም።

«የምታቀርቢው ከነገ ወዲያ ነው» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው አቅርቢ፣ እለፊ፣ ተመረቂ። ከዚያ ረጋ ብለን እናስተካክለዋለን።»

«ዶክተር፣ ከተመረቀ በኋላ ተመልሶ ያስተካከለ ተማሪ አይተው ያውቃሉ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የክረምቱ ትምህርት ለከርሞ ይዘጋል እየተባለ ነው» አሏት። «ከተዘጋ ይህ ሁሉ ልፋትሽ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። የምልሽ ለአንቺ ብዬ ነው። ማን ያውቅብሻል?»

«እኔ።»

«ፈሪሀ፣ ግትርነት ሳይንስ አይደለም።»

«ዝምታም አይደለም፣ ዶክተር» አለችና ወጣች። ፈርታለች፤ ያልፈራች አስመስዬ ባወራ ውሸታም እሆናለሁ። ቆቦ ውስጥ ያልተመረቀች አስተማሪ ሆና ማርጀት፣ የአባቷ ፊት፣ የሰው ምላስ፣ ሁሉም ታያት። ሲታያት ደግሞ ይብስ እልህ ያዛት።

በቀኑ ፈታኞቹ ፊት ቆመች። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡ አንዲት ፕሮፌሰር መሐል ተቀምጠዋል፤ ዶክተር አለሙ ዳር ላይ ናቸው። ፈሪሀ ኮምፒውተሩን አልከፈተችም።

«እጃችሁ ላይ ያለው ጽሑፍ ዋና ግኝቱ ስሕተት ነው» አለች። «ስሕተቱም የእኔ ነው።» የእናቷን ሻይ ቤት ሥርዓት ነገረቻቸው፤ ባልዲውን ነገረቻቸው። ከዚያ ከቆቦ ያመጣችውን ውሃ አውጥታ ዓይናቸው እያየ ጠብታውን ጣለችበት። ውሃው ነጣ።

ፕሮፌሰሯ የነጣውን ብልቃጥ ተቀብለው አገላበጡት። «ይህን ባትነግሪን ኖሮ የምንደርስበት ይመስልሻል?»

«አይመስለኝም።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን አፈነ። ፕሮፌሰሯ አልሳቁም። «እኔም አይመስለኝም» አሉ። «ከፍተኛ ውጤት ልሰጥሽ ነበር የመጣሁት። ታዲያ ለምን ተናገርሽ?»

«ጽሑፌን ያነበበ ሌላ ተማሪ የሌለ ነገር ሲፈልግ ዓመቱን ይፈጃላ! ምናልባት እሱም እንደኔ በስንት መከራ ሙጫና የባትሪ ውሃ ገዝቶ ይሆናል። ምን በድሎኝ ነው?»

«ግኝቱ ከጽሑፉ ከወጣ በእጅሽ ምን ቀረ?»

«አንድ ጉብታ» አለች ፈሪሀ። «እሱ ግን አለ።»

አስወጥተው መከሩባት፤ አስገብተው ነገሯት። ጽሑፉ በዚህ መልኩ አያልፍም። ሥራውን እንደ አዲስ ሠርታ፣ ትምህርቱ ለከርሞ ከተከፈተ፣ ተመልሳ ታቀርባለች። ካልተከፈተ ምን እንደሚሆን ጠየቀቻቸው፤ ፈታኞቹ ወረቀታቸውን ሰበሰቡ። ዶክተር አለሙ ተነሥተው፣ «ለመጽሔቱ የላክነውን እኔ አስወጣዋለሁ» አሉና እሷን ሳያዩ ወጡ። ያ ነገር ከውሳኔው ይልቅ አመማት።

ቆቦ መናኸሪያ ስትወርድ ታሂር የጠራቸው ዘመድና ጎረቤት ቆመው ይጠብቋታል። ሴቶቹ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተዋል። ዚነት ቀድማ የልጇን ፊት አይታ ወደ እሷ ተራመደች።

«እልልታውን አቆዩት» አለች ፈሪሀ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ። «አልተመረቅሁም። ስሕተቴን ነገርኳቸው፤ መለሱኝ።»

ሰው ሁሉ ወደ ታሂር ዞረ። ታሂር መሬት መሬት ያያል። የሽንኩርት ደላላው በድረዲን ግን አፉ የማያርፍ ሰው ነውና፣ «ያ ሁሉ ወሬ ለዚህ ነው? ወደቀች በለና፣ አያ ታሂር!» ብሎ ሳቀ።

ፈሪሀ ሻንጣዋን አስቀምጣ ለአባቷ ያዘጋጀችውን መልስ ሁሉ ምላሷ ላይ ሰበሰበች። መንገዱን ሙሉ ስትለማመደው ነው የመጣችው። ታሂር ቀና አለ፤ ወደ እሷ ሳይሆን ወደ በድረዲን ተራመደ።

«ማን ነው የወደቀ?» አለው። «ወረቀቱን ሊሰጧት ነበር፤ እምቢ ብላ ነው የመጣች። ውሃው እጄ ላይ ሲነጣ እኔው አይቻለሁ። ያየሁትን ደብቂ ያልኳት እኔ ነኝ፤ አባቷ! ወላሂ፣ የሚታፈርበት ካለ እኔ ልፈር። በእሷ ግን የሚስቅ ካለ ከፊቴ ዞር ይበል።»

በድረዲን ዞር አለ። ፈሪሀ ያዘጋጀችው መልስ ሁሉ የሚነገረው አጣ፤ መናኸሪያው መሐል፣ ሾፌርና ረዳት እያያት፣ ልጅ ሆና እንኳ አልቅሳው የማታውቀውን ልቅሶ አለቀሰች።

«አብሽሪ» አላት ታሂር፣ ሻንጣዋን ከመሬት እያነሳ። «ለከርሞ ካልከፈቱልሽ ሄደን በራቸው ላይ እንቆማለን። እኔና አንቺ ከቆምን ማን ያስነሳናል?»